ውለታ የማይጠየቅበት ልጅነት፦ በጉዲፈቻ ወደ ውጭ ሄደው ያደጉ የኢትዮጵያ ልጆችን ስናገኝ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሚኒሶታ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ለአሥራ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምሬአለሁ። የአብዛኞቹ ተማሪዎቼ እናትና አባት ሐበሾች ናቸው። በየዓመቱ ግን ነጭ እናት ወይም ነጭ አባት እጃቸውን ይዘው የሚያመጧቸው ሁለት ሦስት ልጆች ነበሩ፤ በጉዲፈቻ ከኢትዮጵያ የመጡ። አድገው አንዳንዶቹ ወላጆቻቸውን መፈለግ ሲጀምሩ ደግሞ በስልክ አስተርጓሚ ሆንኩላቸው። ከዚህ በታች የምጽፋቸውን ስህተቶች ሌሎች ሲፈጽሟቸው አይቻለሁ፤ ጥቂቶቹን ራሴ ፈጽሜአለሁ።

ልጆቹ ጥቂት አይደሉም። ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ሄደዋል፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ብቻ የሄዱት ከ2 ሺህ 500 ይበልጣሉ። ሌሎች በስፔን፣ በጣሊያን፣ በፈረንሳይ፣ በቤልጂየምና በስዊድን አድገዋል። በጥር 2010 ዓ.ም. (2018 እ.ኤ.አ.) የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ሀገር ጉዲፈቻን ስለከለከለ አሁን አዲስ የሚሄድ ልጅ የለም። የሄዱት ግን ጎርምሰዋል፣ ኮሌጅ ገብተዋል፣ በሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት ያጋጥሙናል፣ ቦሌ ላይ ሻንጣቸውን ይዘው ይወርዳሉ። ስናገኛቸው እየወደድናቸው እናቆስላቸዋለን፤ ምክንያቱም ሳናውቀው ከእነርሱ የሆነ ክፍያ እንጠይቃለን። አንዳችን ምስጋና፣ ሌላችን አማርኛ፣ ሌላችን ገንዘብ።

«ዕድለኛ ነሽ» ማለት

አንድ እሑድ የ13 ዓመት ተማሪዬን ከአሳዳጊ እናቷ ጋር ምሳ ጋበዝኳቸው። አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት እናት ልጅቷን አገላብጠው ሳሟትና «እግዚአብሔር መርጦሻል፤ ዕድለኛ ነሽ» አሏት። ከፍቅር የወጣ ንግግር ነበር፤ እኔም ቃል በቃል ተረጎምኩላት። እንጀራዋን ቆርሳ ዝም አለች። መኪና ውስጥ ስንገባ «ወንድሜስ አልተመረጠም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ታላቅ ወንድሟ ዕድሜው ከፍ ስላለ አያታቸው ዘንድ ቀርቶ ነበር።

መልስ አልነበረኝም። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አባባላችን እጅ ያጠረውን ወላጅ ያጽናናል፤ ለልጁ ሲነገር ግን ዕዳ ይሆንበታል። ይህች ልጅ የራሷን ክፍልና ጥሩ ትምህርት ቤት ከማግኘቷ በፊት እናት፣ ወንድም፣ ቋንቋና መንደር አጥታለች። ያገኘችውን ብቻ እየቆጠርን ስናመሰግንላት ያጣችውን የምታለቅስበት ቦታ እናሳጣታለን።

ዕድለኛ የተባለ ልጅ ቢበደልስ ለማን ይናገራል? በ2008 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ወደ ዋሽንግተን ግዛት የተወሰደችው ሐና በግንቦት 2003 ዓ.ም. (2011 እ.ኤ.አ.) በረሀብ ተጎድታ በአሳዳጊዎቿ ጓሮ ብርድ ላይ ሞተች፤ አሳዳጊዎቿ በ2013 እ.ኤ.አ. ጥፋተኛ ተብለው ተፈረደባቸው። አብዛኛው ቤተሰብ እንዲህ አይደለም፤ ልጆቻቸውን በነፍሳቸው የሚወዱ ብዙ አሳዳጊዎች አውቃለሁ። ነገር ግን በፍቅር ቤት ያደገ ልጅም መናደድ፣ ማኩረፍ፣ ከእናቱ ጋር መጣላት አለበት። ጎረምሳ ሁሉ በሩን ዘግቶ ይገባል፤ የጉዲፈቻው ልጅ ሲዘጋው ብቻ «ውለታ ቢስ» ይባላል።

«ጉዲፈቻ ጥንትም ነበረን» ብሎ ማለፍ

እውነት ነው፣ ነበረን። ቃሉ ራሱ ከኦሮሞ ባህል የመጣ ነው። በአማራውም ዘንድ የጡት ልጅ፣ የማር ልጅ የሚባል ነበር፤ አሳዳጊው ማር የነካ ጣቱን ለልጁ አጥብቶ በሰው ፊት «ልጄ ነህ» የሚልበት። በእነዚህ ልማዶች ልጁ ዘመድ ይጨምራል። የማን ልጅ እንደነበረ መንደሩ ያውቃል፤ እናቱ ከወንዙ ማዶ ናት። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህን መንፈስ ይዟል፦ በጉዲፈቻ የተሰጠ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር አይቋረጥም።

የአሜሪካው ሕግ መንገዱ ሌላ ነው። ጉዲፈቻው ሲጸድቅ የወለዱት ሰዎች በሕግ ፊት ወላጅነታቸው ያበቃል። ልጁ አዲስ የልደት ወረቀት ሲወጣለት በእናት ስም ቦታ የአሳዳጊዋ ስም ይገባል። እንግዲህ ሁለት ወገኖች አንድ ቃል ይዘው በሁለት የተለያዩ ነገሮች ላይ ፈረሙ። ገጠር ያለችው እናት «ተምሮ ይመለሳል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ለወንድሞቹ ይደርሳል» ብላ በአውራ ጣቷ ፈረመች። ሚኒያፖሊስ ያለችው እናት ልጁ በዓለም ላይ ማንም የለውም ተብላ ተቀበለች። ሁለቱንም የዋሸ ደላላ መካከላቸው የቆመበት ጊዜም ነበር።

ይህን ታሪክ የማያውቅ ዘመድ ልጁ እንደረሳው ያስባል፤ ልጁም ዘመዶቹ እንደጣሉት ያስባል። ለአንድ የ17 ዓመት ተማሪዬ ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን አድርጌ ሳስረዳው ረጅም ጊዜ አሰበና «ታዲያ እናቴ የፈረመችው እኔ የማውቀውን ወረቀት አይደለማ» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እናቱ ሲናገር ድምፁ ሌላ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ካስተማርኩት ሁሉ ይህን አንድ ሰዓት አበልጣለሁ፤ ፊደል አልነበረበትም።

የአባት ስም መጠየቅ

እኛ ስንተዋወቅ አንድ ስም አይበቃንም። «እገሌ ማን?» እንላለን፤ ከሁለተኛው ስም ሀገሩን፣ ብሔሩን፣ ሃይማኖቱን እንገምታለን። ልጁ «አንደርሰን» ሲል ፊታችን ይለወጣል፤ ልጁም ፊት ማንበብ ከማንም በላይ ለምዷል። «የእውነተኛ አባትህስ?» የሚል ጥያቄ ከተከተለ ደግሞ ቤት ትቶት የመጣው አሳዳጊ አባቱ የውሸት አባት ሆኖ ይቆጠርበታል።

የመጀመሪያ ስሙ ግን ትልቅ በር ነው። ብዙዎቹ ያንን ስም ይዘው ትርጉሙን አያውቁም፤ የእኛ ስም ደግሞ ታሪክ ይናገራል። ማስረሻ፣ ምትኩ፣ ካሳ የሚባል ልጅ ከእርሱ በፊት በቤቱ ሐዘን እንደነበረ፣ የእርሱ መወለድም ለዚያ ቤት መጽናኛ እንደሆነ ስሙ ሊነግረው ይችላል። ሳይጠይቅ አይነገረው። ሲጠይቅ ግን ቁጭ ብሎ፣ በጥንቃቄ፣ ሙሉውን። አንድ ሰው ሲወለድ ተጠብቆ እንደነበር ማወቅ ማንም ሊሰጠው የማይችል መደላድል ነው።

«እንዴት አማርኛ አትችይም?»

የመጀመሪያው ዓመት ጥፋቴ ይህ ነው። አንዲት የ9 ዓመት ልጅ «እናት» የሚለውን ቃል ከክፍሉ ጋር መድገም እምቢ አለች። እልኸኛ መሰለችኝ፤ ብቻዋን አስነስቼ አስደገምኳት። ከወራት በኋላ አሳዳጊዋ እንደነገረችኝ ልጅቷ የተወለደችው ወላይታ ነው፤ እናቷን በአማርኛ ጠርታት አታውቅም። አማርኛ የሰማችው አዲስ አበባ በነበረችበት የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ነበር። እኔ የትውልድ ቋንቋዋን የምመልስላት መስሎኝ የመለያያውን ቤት ቋንቋ ነበር የማስጮኻት።

ወደ ውጭ ከሄዱት ልጆች ብዙዎቹ ከደቡብና ከኦሮሚያ ናቸው። ወላይትኛ፣ ከምባትኛ፣ ሀዲይኛ፣ ሲዳምኛ፣ ኦሮምኛ ነው የጠፋባቸው። «የኢትዮጵያ ልጅ» ከማለታችን በፊት የት እንደተወለደ ማወቅ የእኛ ፋንታ ነው።

መርሳቱም ጥፋት አይደለም። ልጅ የሚሰማውን ቋንቋ ያነሣል፣ የማይሰማውን ይጥላል፤ በጥቂት ወራት። ከ3 እስከ 8 ዓመት ዕድሜ ሳሉ ከኮሪያ ወደ ፈረንሳይ በተወሰዱ ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ አድገው ኮሪያኛ ሲሰሙ ከማያውቁት ሌላ ቋንቋ ሊለዩት እንዳልቻሉ አሳይቷል። ስለዚህ የ5 ዓመት ልጅ ሳለ የሄደ ሰው ቋንቋውን «ናቀ» ማለት ግፍ ነው። ይልቅ አንድ ነገር አስተምሩት፤ ሽማግሌ ሲገባ እንዴት ብድግ እንደሚባል፣ ጉርሻ ሲዘረጋለት እንዴት እንደሚቀበል። በአንድ ነገር ከተሳካለት ሌላውን ራሱ ይጠይቃል።

«ቀለም አይታየንም» እና «እኛ እኮ ጥቁር አይደለንም»

የመጀመሪያው የነጮቹ ወላጆች ስህተት ነው፣ ሁለተኛው የእኛ። ልጁ በሁለቱ መካከል ብቻውን ይቀራል።

ነጭ ወላጅ «ለእኛ ልጃችን ነህ፤ ቀለምህን አናይም» ሲል ፍቅሩን መግለጹ ነው። ልጁ ግን ቀለሙን የሚያይ ሱቅ ይገባል፣ ቀለሙን የሚያይ ዘበኛ ይከተለዋል። ቤት ተመልሶ ሲናገር «ምናልባት እንደዚያ ማለቱ ላይሆን ይችላል» ይባላል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንደዚህ ከተባለ በኋላ መናገሩን ይተዋል። ሕፃን ሳለ ሁሉም «ሲያምር!» ይለው ነበር፤ በ14 ዓመቱ ቁመት ሲጨምር ያው ጎረቤት መንገድ ይሻገራል። አሳዳጊ እናቱ ከጎኑ ስትሆን የሚያገኘው ጥላ፣ ብቻውን መኪና መንዳት ሲጀምር ይነሣል። ፖሊስ ሲያስቆም እጅ የት እንደሚቀመጥ ያልተነገረው ጥቁር ወጣት ለአደጋ ተጋልጧል። ግንቦት 17 ቀን 2012 ዓ.ም. ጥቁር አሜሪካዊው ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ የተገደለው እኛው ከተማ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ነው። በዚያ ሳምንት ሦስት ነጭ እናቶች ደውለው «ምን እንበለው?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው አሥር ዓመት ዘግይቶ ነበር፤ ቢሆንም መጠየቃቸውን አከበርኩላቸው።

እኛስ? «ጥቁር» ሲባል ዞር ብለን ሌላ ሰው የምናይ ብዙዎች ነን። «ሐበሻ ነህ፣ ከእነርሱ ጋር አትዋል» ብሎ የሚመክር አጎት በየግብዣው አይጠፋም። ልጁ በነጭ ቤት ያደገ፣ ጥቁር አሜሪካውያን ጓደኞቹ እንዴት መኖር እንደሚቻል ያሳዩት ነው፤ ያንን መጠጊያ ልንነጥቀው ምን መብት አለን? ኢትዮጵያ ተወልዶ ጣሊያን ያደገው፣ በሚላን የወጣቶች እግር ኳስ ቡድን የተጫወተው ሰኢድ ቪዚን በ2021 እ.ኤ.አ. በ20 ዓመቱ አረፈ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የጻፈው ደብዳቤ በመላው ጣሊያን ተነብቧል። ሕፃን ሳለ ሰው ሁሉ በፍቅር ይቀበለው ነበር፤ ስደተኞች በብዛት መምጣት ከጀመሩ ወዲህ ግን የሰዎች አስተያየት ተለወጠበት። ከስደተኞቹ እንደ አንዱ እንዳይቆጠር በጥቁሮች ላይ ክፉ ቀልድ ይቀልድ እንደነበር በኀዘኔታ ጽፏል። አሳዳጊ አባቱ የልጃቸው ሞት ምክንያት ዘረኝነት እንዳልሆነ ተናግረዋል፤ ቃላቸውን አከብራለሁ። ደብዳቤው ግን በራሱ የቆመ ምስክር ነው። ልጁን «ከእነርሱ አይደለህም» ስንለው እንዲያ ያለውን ቀልድ እያስተማርነው ነው።

ጸጉር ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። በሱቅ ሰልፍ ላይ አሳዳጊዋን «ጸጉሯን ምን አደረጋችሁባት?» ብሎ መውቀስ ልጅቷን በሰው ፊት ማሳፈር ነው። «ቅዳሜ አምጫትና ሹሩባ እንሥራት፣ አንቺም እያየሽ ተማሪ» ማለት ይቻላል። እንዲህ ያሉ ሴቶች አሉ፤ ጓዳቸው ቅቤ ቅቤ እየሸተተ ስንት ልጅ አስውበው ሸኝተዋል።

«እናትሽ ስለምትወድሽ ሰጠችሽ»

ይህን የሚሉት አሳዳጊዎችም እኛም ነን። ለአዋቂ የሚያጽናና ይመስላል። የ6 ዓመት ልጅ ግን የሚሰማው ሌላ ነው፤ የሚወድ ሰው ይሰጣል፣ አንቺም ትወጂኛለሽ፣ እንግዲያው አንቺም አንድ ቀን ትሰጪኛለሽ። ሻንጣዋን ከአልጋዋ ሥር ሸክፋ የምታስቀምጥ ልጅ አስተምሬአለሁ። ፍቅሩንና መስጠቱን ለያይቶ መንገር ይሻላል። «እናትሽ ትወድሽ ነበር። ደግሞ አባትሽ ሞተው፣ እርሷም ታማ፣ የሚረዳት አልነበረም።» የማናውቀውን አንጨምር። እናቲቱን ቅድስትም ወንጀለኛም አናድርጋት።

ወረቀቱን እንደ ወንጌል ማመን፣ ወይም መጣል

በፋይሉ ላይ ያለው ዕድሜ በግምት የተጻፈ፣ ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲዞር የተዛባ፣ አንዳንዴም ሆን ተብሎ የተቀነሰ ሊሆን ይችላል። «ወላጅ የሌለው» የተባለ ልጅ እናቱ በሕይወት የተገኘችበትን አጋጣሚ አውቃለሁ። ስለዚህ ዘመድ «ዕድሜህ ይህ አይደለም» ሲል ልጁን ሐሰተኛ አናድርገው፤ ወረቀቱን የጻፈው እርሱ አይደለም።

ሆኖም ወረቀቱ አይጣል። በየካቲት 2001 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካ ሕግ፣ ዜጋ የሆነ አሳዳጊ ያለውን፣ በቋሚ ነዋሪነት የገባውንና ጉዲፈቻው የተጠናቀቀለትን ልጅ ዕድሜው ከ18 በታች ከሆነ ወዲያውኑ ዜጋ ያደርገዋል። «የተጠናቀቀ» የሚለው ቃል ላይ ነው ችግሩ። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ከመወሰኑ በፊት አሳዳጊዎቹ ልጁን በአካል ካላዩት፣ ጉዳዩ አሜሪካ ውስጥ እንደገና መጠናቀቅ ነበረበት፤ ይህን ችላ ያሉ ቤተሰቦች አሉ። ከኮሪያ በሕፃንነታቸው መጥተው፣ ዜግነታቸው ሳይሟላ ቀርቶ፣ ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ የተባረሩ ሰዎች አሉና ቀላል ነገር አይደለም። የዜግነት ምስክር ወረቀት በኤን-600 ቅጽ ይጠየቃል። ልጁ የወጣበት አሮጌ የኢትዮጵያ ፓስፖርትም ይቀመጥ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለውን፣ ለማውጣት ኢትዮጵያዊ እንደነበረ ማስረጃ ያስፈልገዋል።

ፍለጋውን ከልጁ እጅ መንጠቅ

መፈለግ የማይፈልግ አለ፤ መብቱ ነው። የሚፈልግም በራሱ ጊዜ ይሁን። «እኔ አገኝልሃለሁ» ብሎ የሕፃንነት ፎቶውን ፌስቡክ ላይ የሚለጥፍ ቅን ሰው አጋጥሞኛል። በሁለት ቀን ውስጥ አራት «እናቶች» ደወሉ፤ ልጁ ወር ሙሉ ከክፍሉ አልወጣም።

በፍለጋ ውስጥ የእኔ ጥፋት ደግሞ ሌላ ነበር። የአንዲት የ20 ዓመት ወጣት የመጀመሪያ ጥሪ ላይ አስተረጎምኩ። እናትየው በወላይትኛ ትናገራለች፣ እዚያ ያለው የአጎት ልጅ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ። መካከል ላይ እናትየው የቤቷ ቆርቆሮ እንዳፈሰሰና ልጇ ልትረዳት ትችል እንደሆነ ጠየቀች። አፈርኩ፤ ልጅቷ «ለገንዘብ ነው የፈለጉኝ» እንዳትል ፈራሁና ዘለልኩት። ከዓመት በኋላ ከሌላ ሰው ሰማች። «የእናቴን ንግግር ለምን ወሰድሽብኝ?» አለችኝ። ትክክል ናት። ለአንድ ገጠር እናት ልጅን ቆርቆሮ መጠየቅ ልጄ ነሽ የማለት አንዱ መንገድ ነው፤ ያንን ማስረዳት እችል ነበር። አሁን ከጥሪ በፊት ከሁለቱም ወገን ጋር ለብቻ እነጋገራለሁ። ለቤተሰቡ፦ በመጀመሪያው ቀን ገንዘብ አይነሣ፣ ልጅቷ ተማሪ ናት፣ የፈረንጅ ልጅ ሁሉ ሀብታም አይደለም። ለልጅቷ፦ ከተነሣ እተረጉመዋለሁ፤ እሺም እንቢም ማለት ትችያለሽ፤ እንቢ ብትዪም ልጅነትሽ አይቀርም። አሳዳጊዎቹ በክፍሉ ይኑሩ አይኑሩ የሚወስነው ልጁ ነው። አንዳንድ አሳዳጊ እናት ኩሽና ውስጥ ቆማ ታለቅሳለች፤ ያን ለቅሶ ማባበል የልጁ ሥራ መሆን የለበትም።

በዚያው የመጀመሪያ ጥሪ ላይ ልጅቷ «ለምን ሰጠሽኝ?» ትላለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። የጠየቀችው ሌላ ነው፤ «ስም ያወጣልኝ ማነው?»

ጥያቄው በአማርኛ ሄዶ በወላይትኛ ደረሰ፤ መልሱ ተመለሰ። አያቷ ናቸው፤ በተወለደች በሦስተኛው ቀን፣ ደጅ ላይ ቁጭ ብለው። ከዚያ እናትየው በተራዋ ጠየቀች። አሁንም በዚያ ስም ይጠሯታል?

«አዎ» አለች ልጅቷ፣ እኔ ተርጉሜ ሳልጨርስ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በሁለቱም በኩል የሚሰማው እስትንፋስ ብቻ ነበር፤ እኔም ስልኩን ይዤ ጠበቅኩ።